አባ ፍሎርቼ በፕላስቲክ ጥጃ ላይ እንደ ዘመቱ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ አቶ አበጋዝ ወደ ሆላንድ ምድር በገቡ በሃያ ስድስተኛው ዓመት፣ የስደተኛ ወረቀታቸውን መልሰው ፓስፖርት በተቀበሉ በዐሥራ ዘጠነኛው፣ ቫስት ኮንትራክት የተባለውን ቋሚ የሥራ ውል በፈረሙ በዘጠነኛው፣ የቤተሰብ ሐኪማቸው ጮማ እንዲቀንሱና እግራቸውን እንዲያንቀሳቅሱ በፈረደባቸው በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሰኔ በሁለተኛው ቀን፣ በዕለተ ሰኑይ፣ ጰራቅሊጦስ በዋለ ማግስት፣ ከዚህ በታች የተጻፈው ታላቅ ነገር ተደረገ። ያየነውን እንጽፋለን፤ ያላየነውንም ካዩት ጠይቀን እንጽፋለን፤ ካዩት መካከል የሚከራከሩ ሲኖሩ የወይዘሮ ብዙወርቅን ቃል እናጸናለን፤ እርሳቸው የአቶ አበጋዝ ባለቤት ናቸውና፣ ደግሞም ሌላ ብንጽፍ አይተዉንምና።

አቶ አበጋዝ ማን ናቸው ቢሉ፣ በዴን ሃግ ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የስድስተኛው ፎቅ ጽዳት ሹም፣ የሁለት መጥረጊያ ማሽኖች አዛዥ፣ የአንድ አሳንሰር ባለ ቁልፍ፣ ታላላቅ ሰዎች ሳያስቡት የሚረግጡትን ምንጣፍ ፀሐይ ሳትወጣ የሚያነጹ፣ ቁመታቸው መካከለኛ፣ ሆዳቸው ግርማ ያለው፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳ ስድስት የሆነ ሰው ናቸው። አበጋዝ ማለት በጥንት ዘመን የጦር አዛዥ ማለት ነው። ነገር ግን እስከዚያ ዓመት ድረስ ያዘዙት ጦር አልነበረም። አባ ፍሎርቼ የሚለው ደግሞ የፈረስ ስማቸው ነው፤ የቀደሙ ጌቶች በፈረሳቸው ስም አባ እየተባሉ እንደ ተጠሩ፣ እርሳቸውም ፍሎርቼ በምትባል ግንባረ ቦራ ዳማ ባዝራ ተጠሩ። ፍሎርቼ በሆላንድ ቋንቋ ለትንሽ ልጅ የሚሰጥ የቁልምጫ ስም ነውና ጠላትን አያስደነግጥም፤ ስሟን ያወጣነው ግን እኛ አይደለንምና ጸሐፊ አይጠየቅበትም።

ወደዚህች ባዝራ የደረሱት እንዲህ ነው። ሐኪሙ ተንቀሳቀስ ባላቸው ጊዜ ወይዘሮ ብዙወርቅ ነጭ የመራመጃ ጫማ ገዝተው አስታጠቋቸው፤ እርሳቸውም በየቅዳሜው ከዴን ሃግ ወጥተው ወደ ዴልፍት በሚወስደው መንገድ፣ በቦዩ ዳር፣ ነፋሱን በግንባራቸው እየገፉ ይሄዱ ነበር። በአንድ ቅዳሜ በመንገዱ ዳር ባለ የፈረስ በረት አጠገብ ሲያልፉ፣ ፍሎርቼ ከአንድ ቢጫ የውኃ ቱቦ ሸሽታ በመስኩ ጥግ ቆማ ስትንቀጠቀጥ አዩ። ይህችም ፈረስ ገመድ ይዘው ለሚወዳደሩ ሰዎች የተገራች ነበረች፤ ከሁለት ዓመት በፊት ግን በልምምድ ላይ ገመድ በኋላ እግሯ ተጠምጥሞ ስለ ጣላት፣ ከዚያ ወዲህ ረጅምና ቀጭን ነገር ሁሉ ጠላቷ ሆነ። እኛ የግብር መሥሪያ ቤቱ ሰማያዊ ፖስታ በበራችን ቀዳዳ ሲወድቅ የምንሆነውን፣ እርሷ ቱቦ ባየች ጊዜ ትሆነዋለች። አቶ አበጋዝም ይህን ባዩ ጊዜ ልባቸው ወደ እርሷ ሄደ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ካሮት ይዘው መጡ፤ ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ መጥረጊያ ይዘው መጡ፤ ሙያቸው ነውና። በረቷንም እንደ ስድስተኛው ፎቅ አሳመሩት። የበረቱ ባለቤት እመቤት ሃኔኬ፣ ሥልሳ ዓመት የሞላቸው፣ ቃላቸው አጭር፣ ቦት ጫማቸው ረጅም የሆነ ሴት ነበሩና፣ ወለሉን አይተው የፈረስ ግልቢያ ቆብ አምጥተው በራሳቸው ላይ ጫኑላቸው። በዚህ ዓይነት አቶ አበጋዝ ፈረሰኛ ሆኑ።

ስለ ጨዋታው የማያውቅ እንዳይቸገር ጥቂት እንናገር። ሁለት ፈረሰኞች በአንድ ጥጃ ላይ ይወጣሉ፤ ፊተኛው ሸምቀቆ ወርውሮ ቀንዱን ይይዛል፤ ኋለኛው ተከትሎ ሁለቱን የኋላ እግሮች በአንድ ጊዜ ያጠምዳል፣ የገመዱንም ጫፍ በኮርቻው ፊት ባለው ጉጥ ላይ ይጠመጥማል፣ ፈረሱም በዚያች ቅጽበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ገመዱም ይወጠራል፤ ይህ ሲሆን ድል ሆነ ይባላል። በእመቤት ሃኔኬ በረት ሕይወት ባለው ጥጃ ላይ ገመድ መወርወር የተከለከለ ነውና፣ ጥጃው ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ቀንዱ ነጭ፣ ዐይኑ የተሣለ፣ በሁለት የብረት መንሸራተቻ ላይ የቆመ ነበር፤ የሚጎትተውም ባክፊትስ የተባለው፣ ከፊቱ የልጆችና የአስቤዛ ሣጥን ያለው ብስክሌት ነው።

ፊተኛ ፈረሰኛ ሆና የተመረጠችው ሐምራዊት ናት፤ በሮተርዳም ተወልዳ ያደገች፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ በዚያ በረት የምታሠለጥን፣ እጇ የማይስት፣ ምላሷም የማይስት። ፈረሷ ሮቢን የሃያ አራት ዓመት ሽማግሌ ሲሆን ሁለቱም ጆሮዎቹ በእርጅና ደንቁረው ነበር። ሐምራዊት እርስዎ የሚባለውን ቃል ከእናቷ ሰምታዋለች እንጂ አልተጠቀመችበትምና፣ በመጀመሪያው የልምምድ ቀን በአባቷ ዕድሜ ላሉት ሰው እንዲህ ብላ አወጀች፦ «አበጋዝ፣ ስማኝ። አንተ ከፈራህ እሷም ትፈራለች። ዛሬ ምንም አንወረውርም። ነገም አንወረውርም። ገመዱ መሬት ላይ ይቀመጥ፣ አጃዋን አጠገቡ ትብላ፣ አንተም አጠገቧ ዝም በል። ሩስቲኽ፣ ቀስ።» አንተ ማለቷን ታሪክ ይቅር ይላታል፤ የተናገረችው እውነት ነበርና።

በጥር ፍሎርቼ ገመዱ አጠገብ በላች። በየካቲት ገመዱ አንገቷን፣ ጀርባዋን፣ ቀጥሎም እነዚያን የቆሰሉ የኋላ እግሮቿን በቀስታ ዳሰሰ፤ በተንቀጠቀጠችም ጊዜ ይነሣላታል፣ ጸጥ ባለችም ጊዜ ትመሰገናለች። በመጋቢት አቶ አበጋዝ ተቀምጠውባት በእርምጃ እየሄደች ሸምቀቆውን በራሳቸው ላይ አዞሩት፤ ሦስት ጊዜ የገዛ ቆባቸውን አጠመዱ፣ አንድ ጊዜም የእመቤት ሃኔኬን የእጅ ጋሪ አጠመዱ፤ ባዝራይቱ ግን አልሸሸችም። በሚያዝያ የፕላስቲኩን ጥጃ ተከተለች። በእነዚያም ቀናት ከአምስት ጊዜ አራቱን ምንም ሳይወረወር ጥጃው አጠገብ ደርሳ፣ አሽትታው፣ አንገቷን ተዳስሳ ትመለስ ነበር፤ ሁልጊዜ የሚወረወርባት ፈረስ ጥጃን ባየች ቁጥር መከራ ይጠብቀኛል ትላለችና፣ በሰላም ደርሳ በሰላም የተመለሰች ግን ልቧ ይሞላል። ይህ የእመቤት ሃኔኬ ጥበብ ነው፤ በሰው ላይም ቢሠራበት መልካም ነበር።

በግንቦት መጀመሪያ አቶ አበጋዝ እግር መያዝ ጀመሩ። ከዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ሸምቀቆው በጥጃው እግሮች ላይ በገባ ቁጥር፣ እመቤት ሃኔኬ በሜዳው መካከል ቆመው፣ በወፍራም ድምፅ፣ ረዘም አድርገው «ሆ» ይሉ ነበር። አቶ አበጋዝም ይህን በሰሙ ጊዜ ልባቸው በደስታ ተነካ። በአገራቸው ልማድ ሆ የሚባለው ሙሽራ ሲመጣ፣ ጀግና ሲገባ፣ ታቦት ሲሸኝ ነውና፣ ይህች ዝምተኛ ፈረንጅ ከየት ተምራው ነው ብለው ተደነቁ፤ ጀርባቸውንም አቅንተው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ በኮርቻው ላይ እንደ ሹም ተቀመጡ። ባዝራይቱም ወዲያው ቀጥ ብላ ቆመች። እርሳቸውም ጌታዋ ሲመሰገን ቆማ የምታዳምጥ ጨዋ ፈረስ ናት ብለው ቆጠሩት። በዚያም ማታ እራት ላይ ለወይዘሮ ብዙወርቅ እንዲህ ብለው አወጁ፦ «ብዙዬ፣ ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ አገር ኖሬ ሆ ያለኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ ሃኔኬ ሆ አለችኝ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ አራት ጊዜ።»

ወይዘሮ ብዙወርቅ በሮተርዳም የአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ፣ ሰላሳ ሁለት ሽማግሌዎችን በየማለዳው ያለ ጠብ የሚያለብሱ፣ በማኅበርም ዝማሬ ሲያወጡ መስኮት የሚያርገፈግፍ ድምፅ ያላቸው ሴት ናቸው። ባላቸውን ባዕድ ሆ እያለ እርሳቸው ዝም ማለታቸው አሳፈራቸው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት ሴቶች አስከትለው መጡ፣ በአጥሩ ላይም ተደገፉ። ፍሎርቼ ከመነሻው ሳጥን እንደ ወጣች፣ ገመድም ሳይነሣ፣ ስድስቱ በአንድ ድምፅ ሆ አሉ። ፍሎርቼም ቆመች። እንደ ገና አስነሧት፤ እንደ ገና ሆ አሉ፤ እንደ ገና ቆመች። ሦስተኛም ሆነ፣ አራተኛም ሆነ። በዚያ ሰዓት እመቤት ሃኔኬ በጓሮ ከፈረስ ጫማ መቺው ጋር ነበሩና ሆታውን አልሰሙም፤ ወጥተው ያዩት ባዝራዋ በሜዳው መካከል እንደ ተተከለች ብቻ ነው። ሮቢን ግን ጥጃውን ተከትሎ ሄደ፤ እርሱ የሚሰማው የለምና። ሐምራዊትም በሮቢን ላይ ሆና ፊት ፊቱን ስለምትጋልብ ነፋሱ ጆሮዋን ሞልቶት ነበር።

በዚያ ቀን እመቤት ሃኔኬ በረቱ በር ላይ ቆመው ያወጁት ይህ ነው፤ ሐምራዊትም ቃል በቃል ተረጎመችው፦ «ፍሎርቼ ተመልሳ ፈርታለች። ፈረስን በግድ አላሠራም፣ አላሠቃይም። በጰንጠቆስጤ ሰኞ በረታችን ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በዚያ ቀን ለእያንዳንዱ ጥንድ ሦስት ዙር እሰጣለሁ። ከሦስቱ በአንዱ ጥጃውን ተከትላ ገመዱ ሲወጠር በሰላም ከቆመች እዚሁ ትኖራለች። ካልሆነ ፍሪስላንድ ላለች እኅቴ እልካታለሁ፣ መስክ ላይ ሣር ትብላ፣ ማንም አይቀመጥባት። ቅጣት አይደለም፣ ለራሷ ነው።»

ፍሪስላንድም ከዴን ሃግ በባቡር ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ከዚያም በአውቶቡስ፣ ከዚያም በእግር ነው፤ አውቶቡሱም ቅዳሜ እምብዛም አይሄድም። አቶ አበጋዝ ይህን በስልካቸው አዩ፤ ስልኩንም ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። በዚያ ሳምንት ስድስተኛው ፎቅ ሁለት ጊዜ ተጠረገ፤ ሰው ሲያዝን የሚያውቀውን ይሠራልና።

ወሬው በተሰማ ጊዜ አቶ ዘገየ በስልክ ቡድኑ ላይ አዋጅ ለቀቁ። እርሳቸው በስኪፖል አየር ማረፊያ ሻንጣ የሚጭኑ፣ በዴን ሃግ የአቶ አበጋዝ ጎረቤት፣ በወንጌላውያን ጉባኤ ከበሮ የሚመቱ፣ በወዳጅነትም በለከፋም ሃያ ዓመት የጸኑ ሰው ናቸው። አዋጃቸውም ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ድምፅ ሲሆን ፍሬው ይህ ነው፦ «አቤ ወንድሜ፣ ሰማሁ። አንተ ብስክሌት ላይ ስትወጣ እንኳ ብዙዬ ዐይኗን ትሸፍን ነበር፣ አሁን ፈረስ ላይ ገመድ ታዞራለህ አሉ። ጥጃው ፕላስቲክ ነው አሉ፤ ቢሆንም ተጠንቀቅ፣ ኬሚካል አለው። ፈረሷ ለምን እንደ ቆመች ልንገርህ? ክብደትህን አስባ ነው። ለማንኛውም ጥጃውን የሚጎትት ከጠፋ ባክፊትሴን ይዤ እመጣለሁ። ስትወድቅ ከቅርብ ማየት እፈልጋለሁ። ጌታ ይባርክህ።»

ወይዘሮ ብዙወርቅ ግን አልሳቁም። ከአምስቱ ሴቶች ጋር ተማክረው፣ ነገሩን በሁሉም በኩል አይተው፣ ባዝራይቱ የቆመችው በድጋፍ ማነስ ነው ብለው ፈረዱ፤ ስድስት ሰው ለአንድ ፈረስ ምን ይሆናል። ስለዚህ የክተት አዋጅ በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዴን ሃግ ላይ አወጁ፦ «ኤርፎን ያደረግህ አውልቅ፣ ያላደረግህ ጆሮህን አቅና። የባሌ ፈረስ ከቤቷ ልትሰደድ ነው። ስደት ምን እንደ ሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። የጰራቅሊጦስ ማግስት፣ ኦቪ የሚሉትን የባቡር ካርድህን ሞልተህ፣ ጉሮሮህን አርጥበህ ና። ሽፍት አለኝ የምትል ቀይር። አሞኛል የምትል እዚህ መጥተህ ታመም። በዚያ ቀን ሆ ያላለ ሰው የልጁን ሠርግ እኔ አላደምቅለትም።»

ያ የመጨረሻው ቃል ብዙዎችን አስነሣ። በሰኔ ሁለት ቀን ማለዳ የተሰበሰበው ሠራዊት ቍጥሩ እነሆ። ከአምስተርዳም ደቡብ ምሥራቅ፣ ሁለት ባቡር ቀይረው፣ አንዱን ደግሞ በስሕተት ወደ ዩትሬኽት ተሳፍረው የተመለሱ ዐሥራ አንድ። ከዛንዳም ከብስኩት መጋዘን የሌሊት ሽፍት ወጥተው ሳይተኙ የመጡ አራት ሴቶች፣ ቀረፋ ቀረፋ የሚሸቱ። ከሮተርዳም ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ መዘምራን ዐሥራ አራት። ከዴን ሃግ ከትራም ዘጠኝ ቍጥር ወርደው አርባ ደቂቃ በእግር የተጓዙ ሰባት፣ ከእነርሱም አንዱ በከዘራ። ከአቶ ዘገየ ጉባኤ አራት፣ ከበሮአቸውን አስቀምጠው እንዲመጡ የተለመኑ፣ ያላስቀመጡ። በጠቅላላው አርባ፣ በጋሪ ያለ አንድ ሕፃን ሲጨመር አርባ አንድ። በዚያ ዓመት የእኛና የእነርሱ በዓለ ሃምሳ በአንድ ቀን ስለ ዋለ፣ ያ ሰኞ የሐዋርያት ጾም መግቢያ ነበር፤ ሆላንዳውያን በትሕትና የድንች ጥብስ ባቀረቡ ጊዜ ኦርቶዶክሳውያኑ ማዮኔዙን እንቁላል አለበት ብለው ወደ ወንጌላውያኑ አሳለፉት፣ ወንጌላውያኑም ስለ ፍቅር ብለው ሁሉንም ፈጸሙት።

ሰዓቱ በደረሰ ጊዜ ነፋስ ከባሕሩ በኩል ይነፍስ ነበር። አቶ ዘገየ በባክፊትሳቸው ላይ ወጡ፣ ከኋላቸውም የፕላስቲኩ ጥጃ ታሰረ። ሐምራዊት በሮቢን ላይ በግራ ሳጥን ገባች። አቶ አበጋዝ በፍሎርቼ ላይ በቀኝ ሳጥን ገቡ፤ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር፣ ባዝራይቱ ግን ጆሮዎቿን አቁማ ጥጃውን ትመለከት ነበር፣ አካሏም አልተንቀጠቀጠም። እመቤት ሃኔኬ በሩቁ ጫፍ፣ በነፋሱ ማዶ፣ ሰዓት ይዘው ተቀመጡ። ባክፊትሱ ተነሣ፤ ፈረሶቹ ወጡ፤ አርባውም ሆ አሉ። ድምፁም ከቦዩ ላይ ዳክዬዎችን አስነሣ። ፍሎርቼም አራት እግሯን ተክላ ቆመች፤ አቶ አበጋዝም በአንገቷ ላይ ተደፉ። የመጀመሪያው ዙር በዚህ አለፈ።

ወይዘሮ ብዙወርቅም ወደ ሠራዊቱ ዞረው እንዲህ አወጁ፦ «ይህ ሆ ነው? ይህ ማዛጋት ነው። ቁርስ አልበላችሁም ወይ፣ አዎ ጾም ነው፣ ቢሆንም። ከሆዳችሁ አውጡት።» በሁለተኛው ዙር ከሆዳቸው አወጡት፤ ከበሮውም ተጨመረ። ፍሎርቼ ከሳጥኑ ሁለት እርምጃ እንኳ አልራቀችም፤ ቆመች፣ አንገቷንም አዙራ ጌታዋን በትዕግሥት ተመለከተች። አቶ አበጋዝም በእጃቸው ጋማዋን ይዘው አጎነበሱ፤ የሚናገሩትም ለእርሷ ብቻ ነበርና አልተጻፈም። በአጥሩ አጠገብ የነበሩት ሴቶች ግን ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ሲወስዱ ታዩ፤ አንድ ዙር ብቻ ቀርቶ ነበርና።

በዚህ ጊዜ ሐምራዊት፣ ባልደረባዋ እንዳልተከተሏት አውቃ፣ ሮቢንን መልሳ ወደ ኋላ ተመለከተች። ያየችውም ፍሎርቼን ብቻ አይደለም። በአጥሩ ማዶ ባለው ትንሽ ሜዳ ለበዓሉ የመጡ የሆላንድ ልጆች በአራት ድንክ ፈረሶች ላይ ተቀምጠው ይዞሩ ነበር፤ አራቱም ድንክ ፈረሶች በአንድ ጊዜ፣ እግራቸውን እንዳነሡ፣ እንደ ሐውልት ቆመው ነበር፤ ልጆቹም በእግራቸው ቢጎስሟቸው የሚሄድ አልተገኘም። ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ጋሪ የሚስበው ትልቁ ፈረስም ቆሞ ነበር። ሐምራዊት ይህን አይታ፣ ሮቢንን ወደ አጥሩ ነድታ በሠራዊቱ ፊት እንዲህ ብላ አወጀች፦

«እናንተ ሰዎች፣ አንዴ ዝም በሉና ስሙኝ። ፍሎርቼ አልፈራችም። አልታመመችም። ቡዳም አልበላትም፣ ብዙወርቅ፣ ለእሷ ያመጣሽውን ክታብ መልሺው። እዚህ አገር ለፈረስ ሆ ማለት ቁም ማለት ነው። ፈረስ ሁሉ ሆ ሲባል ይቆማል፣ ከሕፃንነቱ እንደዚያ ነው የሚማረው። አርባ ሰው ቁሚ ቁሚ እያለ እየጮኸባት ምን ታድርግ፣ ታዛዥ ስለሆነች ነው የቆመችው። ያቆማችኋት እናንተ ናችሁ። አንተ ደግሞ አበጋዝ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ሃኔኬ እስከ ዛሬ ሆ ስትል አንተን አልነበረም። ፈረሷን ነው።»

ይህ ቃል በተነገረ ጊዜ በሠራዊቱ ላይ ታላቅ ሳቅ ሆነ፤ አቶ ዘገየም ከባክፊትሱ ላይ ሊወድቁ ደረሱ። አቶ አበጋዝ ግን ጆሮአቸው እስኪቀላ አፈሩ። አንድ ወር ሙሉ የተጎናጸፉት ክብር ከትከሻቸው ወርዶ በፈረሷ ላይ ተደረበ። ከጥቂትም ጊዜ በኋላ ራሳቸውን ቀና አድርገው የፍሎርቼን አንገት ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ፣ ይገባሻል እንደ ማለት። ከዚህ በፊት የሠሩትን ሁሉ ትተን፣ ለዚህች ነገር ብቻ ታሪክ ሊጻፍላቸው ይገባ ነበር።

ሐምራዊትም ለብቻቸው ሥርዓቱን ነገረቻቸው፦ ሠራዊቱ ዝም ይላል፤ ሸምቀቆው እግሮቹን በያዘ ጊዜ እርሳቸው ራሳቸው ሆ ይላሉ፤ ባዝራይቱም ትቆማለች። አቶ አበጋዝም ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ ነገር ግን በልባቸው ታላቅ ጭንቀት ገባ። ሰው ለሰው ሆ ይላል እንጂ ለራሱ ሆ የሚል ማን አለ። በገዛ ሠርጉ እልል ያለ ሙሽራ፣ በገዛ ሹመቱ የዘፈነ ሹም ታይቶ አይታወቅም።

ወይዘሮ ብዙወርቅም በሕይወታቸው የመጀመሪያ የሆነውን አዋጅ አወጁ፦ «ከአሁን ጀምሮ ድምፅ የለም። ስልክ ይጥፋ። የሚያስነጥሰው አፍንጫውን ይያዝ። እልል የሚያምራት ብትኖር የእኔን ፊት ትይ። ከበሮ ላይ ቁጭ በሉበት።» ሕፃኑም ጡጦ ተሰጠው። አርባ ሐበሻ በአንድ ስፍራ፣ በሜዳ ላይ፣ በበዓል ማግስት፣ ሳይነጋገር ቆመ። ይህ ከዚያ በፊት ሆኖ እንደሚያውቅ የሚመሰክር አልተገኘም።

ሦስተኛው ዙር ተጀመረ። አቶ ዘገየ ፔዳሉን ረገጡ፣ ባትሪውም ታገዛቸው፣ ጥጃው በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ሄደ። ሐምራዊት ወጣች፤ ሸምቀቆዋ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ዞረ፣ በሦስተኛው ነጭ ቀንዶቹን ያዘ። አቶ ዘገየም እንደ ተማሩት ወደ ግራ ጠመዘዙ። ፍሎርቼ በቀኝ በኩል ወጥታ፣ ጆሮዎቿ ወደ ፊት፣ ርምጃዋ የተመጠነ፣ ገመዱ በራሷ ላይ እያፏጨ ሳለ ምንም ሳትደነግጥ፣ ልክ ወደ ጥጃው ዳሌ ደረሰች። አቶ አበጋዝም ሸምቀቆውን ዝቅ አድርገው ከጥጃው ሆድ በታች አኖሩት፤ መወርወር ሳይሆን ምንጣፍ መዘርጋት ይመስል ነበር። ሁለቱም የፕላስቲክ እግሮች ገቡ። ገመዱንም ስበው በኮርቻው ጉጥ ላይ አንድ ጊዜ ጠመጠሙ።

አሁን የቀረችው አንዲት ቃል ናት። አቶ አበጋዝ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሏ ግን ሃምሳ ስድስት ዓመት በተማሩት ይሉኝታ ላይ ተሰንቅራ ቀረች። ባክፊትሱ ይሄዳል፤ ባዝራይቱ ማንም ቁሚ አላላትምና ትከተላለች፤ ገመዱም ላልቶ በሣሩ ላይ ይጎተት ጀመር፤ ወደ እነዚያ የኋላ እግሮቿም ይቀርብ ጀመር። በሩቁ እመቤት ሃኔኬ ከወንበራቸው ተነሡ።

ወይዘሮ ብዙወርቅ የባላቸውን አፍ ከሩቅ አዩ። ሰላሳ ዓመት አብረው የኖሩት አፍ ነውና ምን እንደ ያዘው አወቁ። እጃቸውን ከፍ አድርገው አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ታች አወረዱት። አርባውም በአንድ ልብና በአንድ ሳንባ፣ ከበሮ የሌለበት፣ እልልታ የሌለበት፣ አንዲት ረጅም ሆ አሉ።

ፍሎርቼም ቆመች። በኋላ እግሮቿ ላይ ዝቅ ብላ፣ የፊቶቹን ተክላ፣ ገመዱ እንደ ክራር ጅማት እስኪወጠር ድረስ ቆመች። በኋላ እግሮቿ አጠገብ የነበረው ገመድ ከሣሩ ተነሣ፣ ከፊቷም ቀጥ ብሎ ተዘረጋ፣ እርሷም ተመለከተችው፣ አልሸሸችም። ጥጃው ተያዘ። ባክፊትሱም ተያዘ። አቶ ዘገየ ግን አልተያዙምና፣ ከመቀመጫቸው በክብር ተነሥተው ወደ ፊተኛው ሣጥን ገቡ፣ በዚያም የልጅ ልጆቻቸው በሚቀመጡበት ስፍራ እግራቸው ወደ ላይ ሆኖ ተገኙ፤ ምንም ጉዳት አላገኛቸውም። ከሣጥኑም ውስጥ ሆነው ያወጁት አዋጅ በሁሉ ተሰማ፦ «ያልሁትን ሁሉ ሽሬዋለሁ። ሰው መጥቶ ያውጣኝ።»

እመቤት ሃኔኬም በሜዳው መካከል መጥተው፣ የተወጠረውን ገመድ በሁለት ጣታቸው ነክተው፣ የባዝራይቱን የኋላ እግሮች ዳስሰው፣ የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፤ ሐምራዊትም ተረጎመችው፦ «ፍሎርቼ የትም አትሄድም። እኅቴ ፍየል ትግዛ። አበጋዝ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ይምጣ፣ እንደ ወትሮው። እነዚህ ሰዎችም ይምጡ፤ እንደዚህ ያለ ፈረስ የሚያቆም ድምፅ በአርባ ዓመት አልሰማሁም።» ሕዝቡም ፈቃድ ያገኘ መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ወይዘሮ ብዙወርቅ ተመለከተ፤ እርሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያም በኋላ የሆነው ሆታና እልልታ እስከ ዴልፍት ተሰማ፤ በዙሪያው የነበረ ፈረስ ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

ስለዚህ እንላለን፦ ክብር ለሐምራዊት፣ ጆሮ ሳትሆን ዐይን ሆና ምሥጢሩን ላገኘች። ክብር ለሮቢን፣ ባለመስማቱ ላልተሳሳተ። ክብር ለወይዘሮ ብዙወርቅ፣ መጮኽን ለሚያውቁ፣ አንድ ቀንም ዝምታን ላወቁ። ክብር ለአባ ፍሎርቼ፣ የራሳቸው ያልሆነውን ምስጋና ለባዝራይቱ ለመለሱ፣ በምትኩም የራሳቸውን ላገኙ፣ የቦዩ ዳር ዘማች፣ የፕላስቲክ ጥጃ አሳሪ፣ የፈራችውን ያልቸኮሉባት። ዕድሜያቸው ፖልደር እንደሚባለው ከባሕር የተነጠቀ ሜዳ የረዘመ፣ ጉልበታቸው እንደ ነፋሱ የማያርፍ ይሁን። ፍሎርቼም በዚያ ቀን ኮርቻዋ ከወረደላት በኋላ ወደ መስኳ ወጣች፤ ቢጫው ቱቦ በሣሩ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ተሻግራው ሄደችና ሣሯን ጋጠች።